ደንቡ ስለ ትልቅና ትንሽ ፊደል ብቻ አይደለም፦ የኮድ ስም አወጣጥ ደንብን ለነቀፉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

በደሴና በኮምቦልቻ ሶፍትዌር እየሠራን በምንተዳደር ሰዎች መካከል ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ጸሐፊው የሙያ ባልደረባችን ናቸው፤ ብዙዎቻችን የምናከብራቸው፣ ከእኛ ቀድመው ሥራውን የጀመሩ ሰው። የጽሑፋቸው ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ በኮድ ውስጥ ለቫሪያብል (ዋጋ ለሚያዝበት ስም)፣ ለፈንክሽን (አንድ ሥራ ለሚሠራ የኮድ ቁራጭ)፣ ለክላስ (ለአንድ ዓይነት ነገሮች ንድፍ) እና ለዳታቤዝ ኮለም (ለሠንጠረዥ ዓምድ) ስም ሲወጣ ቡድኑ የሚገዛበት ደንብ አያስፈልግም። ምክንያታቸውንም ይዘረዝራሉ። የስም አጻጻፍ የግል ጣዕም ነው፤ አጭር ስም ጊዜ ይቆጥባል፤ ትልቁ ደንብ ሀንጋሪያን ኖቴሽን እንኳ ሞቶ ተቀብሯል፤ የራሳችን ፊደል እያለን በእንግሊዝኛ ፊደል አጣጣል መጨቃጨቅ አይገባንም፤ የተበላሸ ስም በኋላ ይታረማል፤ በእኛ ከተሞች ቡድን ማለት ሁለትና ሦስት ሰው ስለሆነ አፍ ለአፍ መነጋገር ይበቃል፤ በዚያ ላይ ኮዱን ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጻፍ ስለጀመረ ጥያቄው ራሱ ጊዜው አልፎበታል።

በአንዱ ሁለቱ ነጥብ እስማማለሁ፤ የምስማማበትንም እናገራለሁ። በመደምደሚያቸው ግን አልስማማም፤ ዝም ብዬ ላልፈውም አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ጽሑፉን እያነበቡ ያሉት በወሎ ዩኒቨርሲቲና በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ልጆች ናቸው፤ ነገ የምንረከበው ኮድ የእነሱ ነው። ለንባብ እንዲመች የኮድ ስሞቹን በድምፃቸው በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ።

ጸሐፊው የሚነሡት ከታወቀው ክርክር ነው። ሁለት ቃል ሲጣመር ሁለተኛው ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምር፣ ማለትም ካሜል ኬዝ ይሁን? ወይስ በመካከላቸው አንደርስኮር (_) ይግባ፣ ማለትም ስኔክ ኬዝ ይሁን? የቱ እንደሚሻል ማንም አላረጋገጠም፣ ስለዚህ ሁሉም እንደ ጣዕሙ ይጻፍ ይላሉ። የቱ እንደሚሻል አልተረጋገጠም ማለታቸው ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ቢንክሊና ባልደረቦቹ ባደረጉት ሙከራ ተሳታፊዎቹ በካሜል ኬዝ የተጻፉትን ስሞች ይበልጥ በትክክል ለዩ፤ ጊዜ ግን ፈጀባቸው። በዓመቱ ሻሪፍና ማሌቲክ የዓይንን እንቅስቃሴ በሚከታተል መሣሪያ ሙከራውን ሲደግሙት በትክክለኛነት በኩል ልዩነት አጡ፤ በፍጥነት ግን ስኔክ ኬዝ ቀደመ። ከዚህ ተነሥቶ አንዱ ሌላውን አሸንፏል ማለት አይቻልም።

እኔ ግን ከዚሁ ማስረጃ የማገኘው ተቃራኒውን ነው። ሁለቱም እኩል ከሆኑ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ሙጥኝ የምንልበት ምክንያት የለም። የምንጽፍበት ቋንቋ ወስኖ ያስቀመጠውን ተቀብሎ ማለፍ ነው። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፔፕ 8 የሚባል መመሪያ አለው፤ ፈንክሽንና ቫሪያብል በትንሽ ፊደልና በአንደርስኮር፣ ክላስ ቃሉ ሁሉ በትልቅ ፊደል እየጀመረ እንዲጻፍ ይላል። ጃቫ የሚባለው ቋንቋ ለሜተድ (በክላስ ውስጥ ላለ ፈንክሽን) እና ለቫሪያብል ካሜል ኬዝን ይዟል። ጎ የሚባለው ቋንቋ አንደርስኮርን አይወድም። አንድ ፓይተን ጸሐፊ በጃቫ ልማድ ሲጽፍ ከቡድኑ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሚጠራቸው ላይብረሪዎች (ሌሎች ጽፈው ካዘጋጇቸው ኮዶች) ሁሉ ጋር ይጣላል፤ በአንዱ መስመር ላይ ሁለት ልማድ ይቀላቀላል።

ደግሞም ጣዕም የሚባለው ነገር ዳታቤዝ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ፖስትግሬስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ያለ ጥቅስ ምልክት የተጻፈን ስም በሙሉ ወደ ትንሽ ፊደል ይለውጠዋል፤ ኦራክል በተቃራኒው ወደ ትልቅ። ስለዚህ ኦርደር ዴት የሚለውን ኮለም ዲውን በትልቅ ፊደል አድርጎ በጥቅስ ምልክት የፈጠረ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ያንን ኮለም የሚጠራ ሁሉ በየጥያቄው የጥቅስ ምልክት እንዲያደርግ ፈርዶበታል። የረሳ «ኮለሙ የለም» ይባላል፤ ኮለሙ ግን ዓይኑ ሥር ተቀምጧል። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ደግሞ የቴብል (የሠንጠረዥ) ስም ላይ የትልቅና የትንሽ ፊደልን ልዩነት የሚያየው እንደ ተጫነበት ኮምፒውተር ነው። ዊንዶውስ ላይ ልዩነቱን አይቆጥርም፤ ሊኑክስ ላይ በተለምዶ ይቆጥራል። የእኛ ሠፈር ልጆች በዊንዶውስ ላፕቶፕ ሠርተው ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሲጭኑት ቴብሉ የሚጠፋባቸው ለዚህ ነው። ሁሉን በትንሽ ፊደልና በአንደርስኮር የጻፈ ቡድን ይህን ችግር ከነጭራሹ አያየውም። ይህን ጣዕም ብሎ መጥራት አይቻልም።

አጭር ስም ጊዜ ይቆጥባል በሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። የአጭር ስም ልማድ የመጣው ከማሽኑ ጥበት ነው። የመጀመሪያው ፎርትራን ከ6 ሆሄ በላይ ስም አይቀበልም ነበር፤ የ1989ኙ የሲ ስታንዳርድ እንኳ በፋይሎች መካከል ለሚጋራ ስም ዋስትና የሰጠው ለመጀመሪያዎቹ 6 ሆሄዎች ብቻ ነው። ያ ጥበት ዛሬ የለም። ሆፍማይስተር፣ ዚግሙንድና ሆልት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት 72 የሲ ሻርፕ ባለሙያዎች በኮድ ውስጥ ስሕተት እንዲፈልጉ ተደርገው፣ ስሞቹ ሙሉ ቃል ሲሆኑ ምኅጻረ ቃል ወይም ነጠላ ፊደል ከሆኑበት ይልቅ በአማካይ በ19 በመቶ ፈጥነዋል። ሲጻፍ የተቆጠበው ሰኮንድ ሲነበብ ከነወለዱ ይከፈላል። በሁለት መስመር ውስጥ ተወልዶ የሚሞተው የሉፕ (የድግግሞሽ) ቆጣሪ አይ (i) ቢባል ግን ማንንም አይጎዳም፤ የሊኑክስ ከርነል የአጻጻፍ መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ለአካባቢው ቆጣሪ አጭር ስም፣ ከሩቅ ለሚጠራ ፈንክሽን ግን ሥራውን የሚናገር ስም። እኔን የሚያሳስቡኝ ዳታ2፣ ቴምፕ፣ ፋይናል ኒው የሚባሉት ናቸው። እነዚህ አጭር ስለሆኑ አይደለም የማልወዳቸው፤ ምንም ስለማይናገሩ ነው።

አሁን የጽሑፉ ትልቁ ጉድለት ወደምለው ልምጣ። ጸሐፊው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደንብ ሲሉ የፊደል መጠንና አንደርስኮርን ብቻ ነው የሚያስቡት። ከዚያ ተነሥተው ሀንጋሪያን ኖቴሽንን ይጠቅሳሉ። በማይክሮሶፍት የተስፋፋ፣ በየስሙ ፊት የዳታውን ዓይነት የሚያመለክት ምልክት የሚቀጥል ልማድ ነበር፤ ዛሬ የማይክሮሶፍት የዶት ኔት መመሪያ ራሱ አትጠቀሙበት ይላል፤ እንግዲህ ደንብ ሁሉ መጨረሻው ይህ ነው ይሉናል።

ታሪኩ ግን ግማሹ ቀርቷል። ልማዱን ያመጣው በሀንጋሪ የተወለደው ቻርልስ ሲሞኒ ነው፤ ስያሜውም ከዚያ መጣ። መጀመሪያ ያሰበው ስሙ ቁጥር ነው፣ ጽሑፍ ነው እያለ እንዲናገር አልነበረም፤ ይህንማ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ያውቀዋል። ያሰበው ስሙ ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥር እንዲናገር ነው። ረድፍ ይቆጥራል ወይስ ኮለም? ሁለቱም ለኮምፒውተሩ ሙሉ ቁጥር ናቸው፤ አንዱን ለሌላው ብታስገባ ኮምፓይለሩ ቃል አይተነፍስም። በኋላ የመጡት ይህን ትተው የዳታ ዓይነቱን ብቻ እየቀጠሉ ስሙን አጨናነቁት። የሞተው ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ያስፈልገናል፤ ምክንያቱም እኛ በሁለት የዘመን አቆጣጠርና በሁለት የሰዓት አቆጣጠር የምንሠራ ሰዎች ነን።

አንድ ኮለም ዴት ተብሎ ተሰይሟል እንበል። በውስጡ 01/11/2016 የሚል አለ። ይህ ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው ወይስ ኖቬምበር 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.? የመጀመሪያው ከሆነ በአውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 8 ቀን 2024 ነው፤ ሁለተኛው ከሆነ በእኛ ጥቅምት 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። በመካከላቸው ወደ 8 ዓመት የሚጠጋ ልዩነት አለ፤ ሁለቱም ግን ትክክለኛ ቀን ስለሆኑ ኮምፒውተሩ ምንም አይጠረጥርም። ሐምሌ 1 ደግሞ የመንግሥት የበጀት ዓመት መጀመሪያ ነው፤ በየሂሳብ መዝገቡ የሚመላለስ ቀን እንጂ ብርቅ ቀን አይደለም።

ይህ ዓይነቱ ስሕተት መቼ እንደሚገለጥ ልብ በሉ። የእኛን ቀን እንደ ፈረንጅ ቀን የሚያነብ ፕሮግራም አብዛኛውን ዓመት ደኅና ይሠራል። ጥቅምት 30 ሲመጣ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ይሰናከላል። ጥቅምት 29 ቀን የሚሰናከለው ደግሞ የተጻፈው ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ፌብሩዋሪው 29 የማይደርስ ከሆነ ብቻ ነው። ከዚያ ጳጉሜን ሲደርስ 13ኛ ወር የለም ብሎ ይቆማል። በቀረው ጊዜ ሁሉ ዝም ብሎ የተሳሳተ ዕድሜ፣ የተሳሳተ የውዝፍ ዕዳ፣ የተሳሳተ የመድኃኒት ማብቂያ ቀን ያሰላል። ኮለሙ ዴት ኢሲ (የኢትዮጵያ አቆጣጠር) ወይም ዴት ጂሲ (የአውሮፓ አቆጣጠር) ተብሎ ቢሰየም ኖሮ ኮዱን የጻፈው ሰው ገና ሲተይብ ያየው ነበር። ኢሲና ጂሲ ብለን በየቀኑ የምንጠራቸውን ሁለት ፊደላት ከስሙ ጫፍ ላይ ማስቀመጥ ነው የጠየቅነው።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የጨርቃ ጨርቁ፣ የቢራው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ሁሉ በፈረቃ ይገባል። የጠዋቱ ፈረቃ 2 ሰዓት ይገባል ስንል ሁላችንም እንግባባለን። ሲስተሙ ግን ሺፍት ስታርት በሚል ኮለም ውስጥ 2፡00 ሲያገኝ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2 ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል፤ የጠዋቱን ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ይቆጥርለታል ወይም ቀሪ ያደርገዋል። ይህን የሚከላከል ምን ዓይነት የግል ጣዕም ነው?

ከደሴ እህል ነጋዴዎች ሥራ ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ የእህል ድርጅት ሲስተም ውስጥ መጠን ተብለው የተሰየሙ ሁለት ኮለሞች ነበሩ፤ አንደኛው በግዢ ቴብል፣ ሌላው በሽያጭ ቴብል። ግዢው በኩንታል ይገባል፤ ሽያጩ በኪሎ ይወጣል። ሁለቱም መጠን ናቸው፤ ሁለቱም ቁጥር ናቸው። የቀሪ ሂሳቡ ሪፖርት አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። ስሙ መጠን ኩንታልና መጠን ኪሎ ቢሆን ይህን መቀነስ በዓይኑ አይቶ የሚያልፍ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንድ ኩንታል መቶ ኪሎ መሆኑን የማያውቅ ደሴ ውስጥ ማን አለ? ዕውቀቱ ነበረ፤ በስሙ ውስጥ ግን አልነበረም።

የሰው ስምም አለ። ከውጭ በተቀዳ ቅጽ ውስጥ ፈርስት ኔም፣ ሚድል ኔም፣ ላስት ኔም የሚሉ ኮለሞች ይመጣሉ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። አንዱ ፕሮግራመር ላስት ኔም ላይ የአባትን ስም ያስገባል፤ ሁለተኛው የአያትን። ሁለት ቅርንጫፍ ዳታውን ሲያዋሕድ አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል፤ ወንድማማቾቹም ዝምድናቸው ይጠፋል። ኮለሙ ፋዘር ኔም እና ግራንድፋዘር ኔም ቢባል የሚያሳስት ነገር አይኖርም። ይህ ለሁላችንም የታወቀ የአገራችን ሥርዓት ሆኖ ሳለ በኮዳችን ውስጥ ግን የሌላ አገር ስም ለብሶ መቀመጡ ያሳዝነኛል።

በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው በሐሳብ ከእኔ ጋር ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ቀጥለው የሚያነሡት ጉዳይ ስለ ፊደላችን ነው። ዘመናዊ ቋንቋዎች የግዕዝ ፊደልን ለስም ስለሚቀበሉ ሁሉን በአማርኛ፣ በፊደላችን እንጻፍ፤ ያን ጊዜ የካሜልና የስኔክ ክርክር ራሱ ይጠፋል ይላሉ። ምኞታቸው ልቤን ይነካዋል፤ ስለዚህም ዘለግ አድርጌ ልመልስ።

ይቻላል? አዎ ይቻላል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር በሚለይ ስታንዳርድ) ስሪት 3.0 ገብቷል፤ ፓይተን ከ3.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ከላቲን ውጭ ያለ ፊደልን ለስም ይቀበላል። ደመወዝ ብሎ ቫሪያብል መፍጠር፣ አስላ ብሎ ፈንክሽን መጻፍ ይሠራል። ልጅን ፕሮግራሚንግ ሲያስጀምሩት በዚህ መንገድ ቢያስጀምሩት ደስ ይለኛል፤ የቋንቋው ሸክም ሳይጨመርበት የሐሳቡን መንገድ ይይዛል።

ክርክሩ ይጠፋል የሚለው ግን ልክ አይደለም፤ እንዲያውም ደንብ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል። አንደኛ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። ብዙ ቋንቋዎች ደግሞ በዚህ ልዩነት ላይ ትርጉም ሰቅለዋል። በጎ ቋንቋ አንድ ስም ከፓኬጁ (ከታቀፈበት የኮድ ጥቅል) ውጭ እንዲታይ የመጀመሪያው ሆሄ ትልቅ ፊደል መሆን አለበት። የግዕዝ ሆሄ ትልቅ ፊደል ተብሎ ስለማይቆጠር በፊደላችን የተጻፈ የጎ ፈንክሽን መቼም ከፓኬጁ አይወጣም፤ ከፊቱ የላቲን ትልቅ ፊደል ካልተለጠፈለት በቀር። በፓይተንም ክላስን ከቫሪያብል በዓይን የምንለየው በትልቁ ፊደል ነው፤ በፊደላችን ሲጻፍ ሌላ መለያ ተስማምተን ማበጀት ይኖርብናል። ያ ስምምነት ደንብ ነው።

ሁለተኛውና ከባዱ ሞክሼ ሆሄዎቹ ናቸው። ዓመት በዓይኑ ዐ እና አመት በአልፋው አ ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለፓይተን ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ፓይተን ስሞችን በዩኒኮድ ሥርዓት አስተካክሎ ያነባል፤ ያ ሥርዓት ግን ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ ጸንና ፀን አያዋሕድም። አንዱ ሰው በፋይሉ መጀመሪያ ላይ በንጉሡ ሠ ሠራተኛ ብሎ ዝርዝር ይፈጥራል፤ ሌላው ከታች የሞላውን ዝርዝር በእሳቱ ሰ ለተጻፈ ሰራተኛ ይሰጣል። ፓይተን ዋጋ የተሰጠው አዲስ ስም ሲያይ አዲስ ቫሪያብል ይፈጥራል እንጂ አይከራከርም። የላይኛው ዝርዝር ባዶ ሆኖ ይቀራል። በላቲን ፊደል ቢሆን ስሕተቱ የሆሄ ግድፈት ሆኖ ዓይን ይገባ ነበር፤ በእኛ ግን ሁለቱም አጻጻፍ በየጋዜጣው የሚታይ ስለሆነ ዓይን ያልፈዋል።

ሦስተኛ ቦታ። የግዕዝ ሆሄ በዩቲኤፍ 8፣ ማለትም ዩኒኮድ በኮምፒውተር በሚቀመጥበት በተለመደው መንገድ፣ ሦስት ባይት ይይዛል። ፖስትግሬስኪውኤል ለአንድ ስም የሚፈቅደው 63 ባይት ነው፤ ይህም ለእኛ 21 ሆሄ ማለት ነው፤ አንደርስኮር ሲጨመር ከዚያም ያንሳል። የመጀመሪያ_ደረጃ_ትምህርት_ቤት_ተማሪዎች የሚል ቴብል ብትፈጥሩ 67 ባይት ስለሚሆን ዳታቤዙ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሆሄዎች ይቆርጣል፤ የስሙ መጨረሻ ተማሪዎች መሆኑ ቀርቶ ተማሪ ሆኖ ይቀመጣል። ማስታወቂያ ይሰጣል፤ ሥራውን ግን አያቆምም። ከዚያ በኋላ ያንኑ ስም ጫፉ ላይ በጥቂት ሆሄ ብቻ ለውጦ ሁለተኛ ቴብል የሚፈጥር ሰው ምን እንደሚገጥመው መገመት ይቻላል።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው። የጋራ የሥራ ኮድ ለጊዜው በላቲን ፊደል ይቆይ፤ ነገር ግን ወረዳ፣ ቀበሌ፣ እቁብ፣ እድር የመሳሰሉትን የእንግሊዝኛ ቃል ፍለጋ ሳንባዝን በአማርኛው እንሰይማቸው። ለእነሱ ግን አንድ አጻጻፍ ብቻ ተወስኖ በአንድ ገጽ ይጻፍ። እቁብ በላቲን ሲጻፍ በኢ ነው በአይ የሚጀምረው? ቁ በኪው ነው በኬ? ደሴ በአንድ ኤስ ነው በሁለት? ኮምቦልቻን በኬ የሚጽፍ አለ፣ በሲ የሚጽፍም አለ። ወሎ ውስጥ መሐመድ የሚባል ሰው ሁሉ ስሙ በሦስት ወረቀት ላይ በሦስት ዓይነት ተጽፎበት ያውቃል፤ ሰው ስሙን እንደፈለገ የመጻፍ መብት አለው፤ ዳታውም ያንን ማክበር አለበት። የኮለም ስም ግን ያ መብት የለውም።

ስም በኋላ ይታረማል ለሚለው መልሴ ሁለት ምሳሌ ነው። በዩኒክስ ፋይል የሚፈጥረው ጥሪ ክሪየት ይባላል፤ መጨረሻው ላይ የሚገባው ኢ ተዘልሎ ተጻፈ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ዛሬም በሊኑክስ ውስጥ ኢ የለውም። አንድ ድረ ገጽ ጎብኚው ከየት እንደመጣ የሚነገርበት የኤችቲቲፒ ሄደር (ከድረ ገጽ ጥያቄ ጋር የሚላክ መረጃ) ሪፈረር ነው፤ አንድ አር ጎድሎት በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው የኤችቲቲፒ ሰነድ ውስጥ ገባ፤ እስከ ዛሬ ዓለም ሁሉ አሳስቶ ይጽፈዋል፤ ቢታረም የሚሰበረው ስለበዛ። ኤዲተር ስም ይቀይራል፣ እውነት ነው፤ የሚቀይረው ግን በዚያው ፕሮጀክት ያለውን ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ያለውን ኮለም፣ ሌላ ድርጅት የሚያነበውን የጄሰን (የዳታ መለዋወጫ ቅርጽ) ቁልፍ፣ ሂሳብ ሹሟ በኤክሴል የሠራችውን ሪፖርት አይደርስባቸውም። ስም ከቤት ከወጣ በኋላ የእኛ ብቻ አይደለም።

ቡድናችን ትንሽ ነው፣ አፍ ለአፍ እንነጋገራለን ማለታቸው ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ነው፤ ምክንያቱም የሥራችንን ሁኔታ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። እዚህ የሚሠራ ጎበዝ ልጅ ስንት ዓመት ይቆያል? አዲስ አበባ የተሻለ ደመወዝ ያገኛል፣ ወይም ለውጭ ድርጅት ከቤቱ መሥራት ይጀምራል። ይሄዳል፤ መሄዱም ተገቢ ነው። ኮዱ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ያለው መጋዘን ውስጥ ይቀራል፤ ደሴ ያለው ቅርንጫፍ ውስጥ ይቀራል። አፍ ለአፍ የተባለው ሁሉ ከልጁ ጋር አብሮ ይሄዳል። ትልቅ ከተማ ያለ ትልቅ ድርጅት አንድ ሰው ሲለቅ የሚጠይቃቸው ሌሎች ዐሥር አሉት። ሁለት ሰው ካለበት ቡድን አንዱ ሲለቅ ግን ግማሹ ዕውቀት ነው የሚወጣው። እንግዲህ ደንብ የሚያስፈልገው ይበልጥ ለማን ነው?

ደግሞ የምለው ደንብ መጽሐፍ አይደለም። አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ የቋንቋውን ልማድ እንከተላለን፤ ቀን ያለበት ሁሉ ኢሲ ወይም ጂሲ ይጨመርበታል፤ ሰዓት በሃያ አራት ሰዓት ይቀመጣል፤ መጠን ሁሉ መለኪያውን ይናገራል፤ የአማርኛ ቃላት አጻጻፍ ይህ ነው። ፊደሉን ፓይሊንትና ኢኤስሊንት የሚባሉት ኮድ መርማሪ መሣሪያዎች ይቆጣጠሩታል፤ በዚያ ላይ ሰው ከሰው አይጣላም። ትርጉሙን ግን መሣሪያ አይቆጣጠረውም፤ እሱን እርስ በርስ ኮድ ስናይ እኛው ነን የምንጠብቀው።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያነሡት አጭር መልስ አለው። እነዚህ መሣሪያዎች የሚጽፉት በፊታቸው ያለውን ኮድ እያዩ ነው። በሥርዓት የተሰየመ ፋይል ስትሰጣቸው በሥርዓት ይቀጥላሉ፤ በሦስት ልማድ የተጻፈ ስትሰጣቸው ሦስቱንም ያበዙታል። ዴት የሚል ኮለም ውስጥ ያለው የእኛ ቀን ይሁን የፈረንጅ ከስሙ ካልተነገራቸው አያውቁም፤ የሚገምቱት ደግሞ የፈረንጁን ነው፤ አብዛኛው የዓለም ኮድ እሱን ስለሚናገር። ኮዱን ማንም ይጻፈው፣ ለስሕተቱ በደንበኛው ፊት የምንቆመው እኛ ነን።

በመጨረሻ ጸሐፊው አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቀዋል። ደንብ ቢወጣስ እስከ ዛሬ የተጻፈውን ምን ልናደርገው ነው? ሁሉን እናፍርስ? አናፍርስም። ፔፕ 8 ራሱ መመሪያውን ለመከተል ሲባል ብቻ የሚሠራውን ኮድ አትስበሩ ይላል። የፓይተን የራሱ ላይብረሪም ምስክር ነው፤ የሎጊንግ ሞጁል ጌት ሎገር የሚለውን እስከ ዛሬ በካሜል ኬዝ ይጠራዋል፤ በስሬዲንግ ሞጁል ከረንት ስሬድ የሚለው አሮጌ ስም በስሪት 2.6 የአንደርስኮር ወንድም ተበጀለት፤ አሮጌውን አትጠቀሙበት የተባለው ግን በስሪት 3.10 ነው፤ በመካከሉ ከዐሥር ዓመት በላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ኖረዋል። እኛም እንዲሁ እናድርግ። አዲስ ሞጁል በአዲሱ ደንብ ይጻፍ። አሮጌው ቴብል ከነስሙ ይቆይና በላዩ ቪው (ያንኑ ዳታ በሌላ ስም የሚያሳይ ምናባዊ ቴብል) ይሠራለት፤ በቴብሉ ዴት የነበረው በቪው ዴት ኢሲ ይባል፣ መጠን የነበረው መጠን ኩንታል ይባል። አዲሱ ኮድ ሁሉ ቪውን ብቻ ይጥራ። አሮጌውን ስም የሚጠሩት ሪፖርቶች አንድ በአንድ ወደ ቪው ይዙሩ፤ የመጨረሻው ሲዞር ቴብሉ በዚያን ቀን ስሙን ይለውጥ።